የጌሻ ቡና መዓዛ ከየት መጣ?

ከጅማ እስከ ቦንጋ ጫካ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ የደጋው ብርድ ይቀርና ተጓዡ ካፖርቱን አውልቆ የአውቶቡሱን መስኮት ይከፍታል። ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ ግን የአገሩ መልክ ይለወጣል። ከሰኮሩና ከአሰንዳቦ ወዲያ ዐይን የሚያርፍበት ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወር ወደዚያ ለመሄድ ዕድል ቢያገኙ በየደጃፉና በየማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚመታውን ቀይ የቡና ፍሬ ያያሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የበሰለ ፍሬና ጠጅ የመሰለ ጠረን ወደ አፍንጫ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ቡና መዓዛ ነው። የአገራችንን ቡና የሚቀምሱ የውጭ አገር ባለሙያዎች በመዝገባቸው ላይ የሚጽፉት ቃል ያስገርማል፤ «ጠምበለል»፣ «ማር»፣ «ብርቱካን»፣ «እንጆሪ»፣ «ቸኮላት»፣ «የተቃጠለ ስኳር» ይላሉ። ቃሉ የቡና ሳይሆን የኬክ ቤት ዝርዝር ይመስላል። በሲኒው ውስጥ ግን ከቡናና ከውኃ በቀር ምንም አልተጨመረም። ታዲያ ይህ ሁሉ የጣፋጭ ጠረን ከየት መጣ? ደግሞስ ከአንዱ የቡና እግር በዝቶ ከሌላው ለምን ይጠፋል? ለዚህ ጥያቄ ከሚቀርቡት መልሶች የሚበልጠው ክፍል ያለው ከጅማ እስከ ቦንጋና ከዚያም እስከ ማጂ ድረስ በሚዘልቀው ምድር ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱን እየተከተልን ነገሩን እንመርምር።

በመልኮ

ከጅማ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ መልኮ ይገኛል። ይህ በ1967 የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ሥፍራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ በጥላ ዛፎች ሥር በመስመር የተተከሉት የቡና ተክሎች እንደ ተማሪ ሰልፍ ተስተካክለው ይታያሉ።

ማዕከሉ በተቋቋመ በአራተኛው ዓመት፣ በ1971፣ ያልተጋበዘ እንግዳ ወደ አገራችን ገባ። ይኸውም የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ነው። የዚህ በሽታ መነሻ በዐይን የማይታይ የሻጋታ ዘር ሲሆን፣ ገና ለጋ የሆነውን አረንጓዴ ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈዋል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ፍሬ ከመሬት ላይ እንደ ከሰል ጠቁሮ ያገኘዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር በጣም ብልህ ነበር። ከውጭ አገር መድኃኒት ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ገዛ ጫካችን ገቡ። በሽታው ባወደመው ቦታ መካከል ፍሬያቸው ሳይነካ የቀሩትን የቡና እግሮች እየፈለጉ ዘራቸውን ለቀሙ፤ ወደ መልኮ አምጥተውም ዘሩ፤ ፈተኑ።

ዛሬ በብዙ የአገራችን ክፍል የሚተከሉት ዝርያዎች ስማቸው ቁጥር የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። 74110 ወይም 74112 የሚባለውን ቡና የሰሙ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዛፉ የተመረጠበትን 1974 ዓመት፣ የቀሩት ደግሞ የእናት ዛፉን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። ሁለቱም ከመቱ አካባቢ ጫካ የተገኙ ናቸው። ከኢሉባቦር የተነሣ ዘር ዛሬ በጌዴኦና በሲዳማ ኮረብታዎች ላይ አፍርቶ ይታያል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚያ በጭንቅ ዘመን ለአንድ ዛፍ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፤ «በሽታውን ትችላለህ?» እና «ብዙ ታፈራለህ?» የሚሉ። ቤቱ ሲቃጠል እሳቱን ማጥፋት እንጂ የመጋረጃውን ቀለም መምረጥ አይገባምና ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ የቡና ዘር መራጮች እሳት በሌለበት ጊዜም ሚዛንን እንጂ አፍንጫን ሳያማክሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ይህ ምን እንዳስከተለ ኋላ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን መዓዛ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣፋጭ የሚሸተው ምንድን ነው?

ኬሚስትሪ በማስተምርበት ክፍል ለተማሪዎቼ የማሳየው ቀላል ፈተና አለ፤ አንባቢም በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። አፍንጫዎን በጣትዎ ጭምቅ አድርገው ይያዙና አንድ ከረሜላ አፍዎ ውስጥ ያድርጉ። ምላስዎ የሚነግርዎ «ጣፋጭ ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ የብርቱካን ይሁን የእንጆሪ አያውቀውም። ጣትዎን ሲለቁ ግን ጠረኑ ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣና ወዲያው ብርቱካኑ ይታወቃል። እንግዲህ «ጣዕም» ብለን ከምንጠራው ነገር እጅግ የሚበዛው በእውነቱ የአፍንጫ ሥራ ነው።

የቡናም ነገር እንዲሁ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ የአረቢካ ቡና ውስጥ ከ6 እስከ 9 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ይህ ስኳር ግን ቡናው በደንብ ሲቆላ ጥቂት እንኳ ሳይተርፍ ያልቃል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ስኳር ያልገባበት ቡና «ማር ማር ይላል» ስንል ምላሳችን ስኳር አግኝቶ አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የበሰለ ፍሬ፣ የማርና የተቃጠለ ስኳር ጠረን ከጣፋጭ ነገር ጋር አብሮ ስለመጣልን፣ አእምሯችን ጠረኑን ባገኘ ጊዜ ጣፋጩንም ያስበዋል።

ጥሬ ቡና በራሱ የሚሸተው እንደ ጥሬ አተርና እንደታጨደ ሣር ነው። አስማቱ የሚፈጸመው በምጣዱ ላይ ነው። ባለቤቲቱ እሳቱን አግለብልባ ቡናውን ስታማስል ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ በፍሬው ውስጥ ያሉት ስኳሮች ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሲዶች ጋር መዋሐድ ይጀምራሉ። ይህን ነገር ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 ስለገለጸው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። የዳቦን ቅርፊት፣ የጥብስን ጠርዝና የቆሎን ፊት የሚያቀላው ይኸው ሥራ ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲቃረብ ቡናው ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል፤ ቤቱም በመዓዛ ይሞላል።

ከዚያ ጢስ ውስጥ ሊቃውንት ከ800 በላይ የተለያዩ ተናኝ ውሑዶችን ለይተዋል። አብዛኞቹ እንደ ሠርግ አጃቢ ናቸው፤ ቢቀሩም ማንም አይፈልጋቸውም። የቡናን መዓዛ በእውነት የሚሠሩት ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ለጣፋጩ ጠረን ተጠያቂ የሆኑትን ማስተዋወቅ ይገባኛል። ፉራኒዮል የሚባለው የተቃጠለ ስኳር ጠረን አለው፤ እንጆሪና አናናስ ሲበስሉም የሚሸቱት በእርሱ ነው። ቫኒሊን ከቫኒላ የምናውቀው የኬክና የአይስክሬም ጠረን ሲሆን፣ በሚቆላበት ጊዜ ከራሱ ከቡናው ይወጣል። ዲያሴቲል የሚባለው ደግሞ የለጋ ቅቤ ጠረን ያመጣል። ከእነዚህ ጋር ድኝ ያለበት ፉርፉሪልታዮል የሚባል አንድ ውሑድ አለ። «ቡና ቡና» የሚሸተው እርሱ ነው፤ አፍንጫ ሊያውቀው የሚበቃው መጠን ከጠብታ እጅግ ያነሰ ነው።

እስካሁን የቆጠርናቸው ሁሉ የምጣድ ልጆች ናቸው። የአበባው ጠረን ግን የተለየ የትውልድ ሐረግ አለው። ከእርሱ ዘንድ ከፍ ያለ ሥፍራ ያለው ሊናሎል የሚባለው ነው። ድምብላልን ፈጭተው ያሸተቱ ወይም በሶብላን በጣታቸው ያሹ ሰዎች ሁሉ ሊናሎልን ያውቁታል፤ ስሙን አልሰሙ ይሆናል እንጂ። ይህን ተክሉ ራሱ፣ ገና በዛፍ ላይ ሳለ፣ ይሠራዋል። ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስኑት ዘሩ፣ የቆመበት ከፍታና የፍሬው አበሳሰል ናቸው። በደጋማ ቦታ ብርዱ ፍሬውን ቀስ ብሎ እንዲበስል ስለሚያደርገው ዛፉ ለፍሬው ስኳርና መዓዛ ለማከማቸት ጊዜ ያገኛል። እሳት ሲበዛበት ይህ የአበባ ጠረን አብሮ ይበናል። ክፉኛ የጠቆረ ቡና ከየትም ቢመጣ አንድ ዓይነት የሚሸተው ስለዚህ ነው፤ እሳቱ የዘሩን ምስክርነት አጥፍቶታልና።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው ካራሜሉና ቅቤው በምጣድ ይፈጠራሉ፤ ለምጣዱ የሚሆነውን ስንቅ የሚያዘጋጀውና አበባውን የሚጨምረው ግን ዛፉ ነው። ጥሩ ቆይ ካልተገኘ መልካም ዘር ይባክናል፤ መልካም ዘር ካልተገኘም የቆይ ጥበብ ባዶ ነው።

ከጎጀብ ወዲያ

ከጅማ ወደ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰቃንና ሸቤን አልፈው ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርዱ እንደገና ሙቀት ያገኝዎታል። ወንዙን ተሻግረው ሽቅብ ሲወጡ ከፋ ገቡ ማለት ነው። ከ2021 ጀምሮ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተሞች ከሚባሉት መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ከተማይቱ በኮረብታ ላይ የተዘረጋች ስትሆን ጠዋት ጠዋት ከበታቿ ያለው ሸለቆ በጉም ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል።

የከፋ ሰው ቡና የተገኘው ማንኪራ በሚባለው ጫካ ነው ይላል፤ የጅማ ሰው ደግሞ ጮጬ ነው ይላል። ይህን ክርክር ለሽማግሌዎች ትተን ወደ ጫካው እንግባ። በመልኮ በሰልፍ ቆሞ ያየነው ቡና እዚህ ሰልፉን አፍርሶ እንደፈቀደው ይኖራል። ረዣዥም ዛፎች ከላይ ጣራ ሠርተዋል፤ ቡናው ከሥራቸው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ተዘርግቶ ወጥቷል። በአንድ እግር ላይ የሚገኘው ፍሬ ጥቂት ነው። ከእርሱ በታች ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ፤ ከላይ በቅርንጫፎች ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ንቧ የቡናን ነጭ አበባ ትቀስማለች፤ አበባውም ራሱ የሚሸተው ጠምበለልን ነው። ዩኔስኮ በ2010 ይህን ምድር ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ሥፍራ አድርጎ በመዝገቡ ላይ ያሠፈረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለት ተራ ዛፎች እዚህ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የአንዱ ጫፍ ቅጠል መዳብ ይመስላል፤ የሌላው አረንጓዴ ነው። አንዱ ፍሬው ረዘም ያለ፣ ሌላው ክብ ነው። ቡና አረቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዓይነቶች መዳቀል የተወለደ መሆኑን፣ ይህም የሆነው ከ600,000 ዓመት በፊት መሆኑን በ2024 የወጣ የዘር ጥናት ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ወደ የመን ከዚያም ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የተሻገረው ዘር ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለነበረ፣ የዓለም የቡና እርሻ አብዛኛው የጥቂት እናቶች ልጅ ነው። የቀረው ቤተ ዘመድ ሁሉ ያለው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው።

በጫካው ጫፍ ላይ ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ከእነዚህ ሁሉ እግሮች መካከል ከሌላው ይልቅ የሚጥም አለ?»

«እንዴታ! ያ ከወንዙ በላይ ያለው ለቤታችን ነው። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የምንቆላው ከእርሱ ነው» አሉኝ።

«ለገበያስ?»

«ለገበያማ ሁሉም በአንድ ጆንያ ይገባል። የሚገዛኝ ሰው ዐይኑ ሚዛኑ ላይ ነው። ልጄ፣ ቡናዬን አሽትቶ ዋጋ የጨመረልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

የእኒህን ሽማግሌ ቃል አንባቢ በልብዎ ይያዙት። የጌሻ ቡና ታሪክ የዚህ ቃል ማስረጃ ነውና።

ከጌሻ እስከ ፓናማ

ከቦንጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ የውሽውሽን የሻይ እርሻ አልፎ መንገዱ ወደ ሚዛን ያመራል፤ ከዚያ ወዲያ የማጂ ተራሮች ይገኛሉ። ጌሻ የሚባል ሥፍራ በከፋም አለ፤ በማጂ በኩልም አለ። በ1930ዎቹ ዓመታት እንግሊዛውያን ከዚህ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የቡና ዘር ለቅመው ወሰዱ። ከተላከው ዘር አንዱ «ጌሻ» የሚል ስም ተለጥፎበት በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ በዛሬይቱ ታንዛኒያ፣ ከኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ወደሚገኘው ወደ ልያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ገባ። ከዚያም በ1953 ውቅያኖስ ተሻግሮ በኮስታ ሪካ ቱሪያልባ በሚባል ሥፍራ ባለው የምርምር ተቋም ተተከለ፤ ተራ ቁጥሩም ቲ 2722 ሆነ።

ለምን እዚያ ድረስ ተወሰደ? መዓዛው ተወድዶ አይደለም። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለውን ሌላ በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ነው። በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ገበሬዎች የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነበረ። ገበሬዎቹ ግን አልወደዱትም። ተክሉ ረዥምና ሳሳ ያለ ነው፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ይሰበራል፤ ፍሬውም ጥቂት ነው። በሚዛን የሚኖር ገበሬ እንዲህ ያለውን ተክል ምን ያደርገዋል? ከሌላው ጋር ቀላቅለው ለቀሙት፤ በአንድ ጆንያም ከተቱት። መዓዛው በብዙኃኑ ቡና መካከል ጠፍቶ 40 ዓመት ያህል ኖረ። በአማርኛችን ሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ መለያየታቸው ነገሩን እንደ ቅኔ ያደርገዋል፤ በሽታን ሲሸሹ ሽታን ረሱ።

ጌሻን ያዳነው አንድ ቀላል ሐሳብ ነው። በፓናማ በቦኬቴ ከፍተኛ ቦታ እስመራልዳ የተባለ እርሻ ያላቸው የፒተርሰን ቤተሰብ የየኮረብታቸውን ቡና ለየብቻ ለቅመው፣ ለየብቻ አድርቀውና ቆልተው ቀመሱት። ከእርሻው ከፍ ካለው ክፍል የመጣው ሲኒ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል ሆኖ ተገኘ፤ ጠምበለልና ቤርጋሞት የሚሸት፣ እንደ ሻይ የቀለለ፣ መጨረሻው ማር ማር የሚል ነበረ። በ2004 በአገሩ የቡና ውድድር ላይ አቀረቡት፤ አሸነፈ። ተራ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ 1 ዶላር ባልሞላበት ዘመን ይህ ቡና በሐራጅ በፓውንድ ከ20 ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም፤ በ2019 በዚያው በፓናማ ሐራጅ ላይ ከአንድ ሌላ እርሻ የመጣ ጌሻ ቡና በፓውንድ ከ1,000 ዶላር በላይ አወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለወጠው ምን እንደሆነ ይመርምሩ። ዛፉ ያው ነው። ሊናሎሉንም ሌላውንም መዓዛ በፓናማ አልተማረውም፤ በእርግጥ የቦኬቴ ከፍታና ብርድ ረድቶታል፤ ነገር ግን ዘሩ ከዚህ የተሸከመው ስንቅ ባይኖር ብርዱ ብቻውን ምንም ባላደረገ ነበር። የተለወጠው የሰው ጥያቄ ነው። 70 ዓመት ያህል «ስንት ትመዝናለህ?» ሲባል የኖረ ዛፍ አንድ ቀን «ምን ትሸታለህ?» ተባለና መለሰ።

ሚዛንና አፍንጫ

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ብዙ ሰው የጌሻን ታሪክ ሲሰማ «የእኛን ወስደው ከበሩበት» ብሎ ይቆጫል። ቁጭቱ አግባብ አለው፤ በቁጭት ብቻ መቆም ግን ጥቅም የለውም። ከዚህ የሚበልጥ ጭንቅ አለና።

ጌሻ ከጫካችን ከወጡት ጥቂት እፍኞች አንዱ ነው። በዚያ አንድ እፍኝ ውስጥ ይህን የመሰለ መዓዛ ከተገኘ፣ ገና ማንም ባላሸተታቸው ሺህ በሺህ እግሮች ውስጥ ምን ይኖር ይሆን? ጫካው ግን በየዓመቱ ለእርሻ፣ ለማገዶና ለጣውላ እየተመነጠረ ይጠብባል። በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ዓይነቶች 60 በመቶው ለመጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን ሲገልጥ፣ የዱር አረቢካም በዚሁ ጊዜ በአደጋ ላይ ካሉት ተራ ተመድቧል። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ስንዴና እንደ ገብስ አድርቀው በቀዝቃዛ ጎተራ ቢያኖሩት ለብዙ ዘመን የሚቆይ አይደለም፤ ይሞታል። ስለዚህ የቡና ጎተራው ሕያው ዛፍ ብቻ ነው። በጮጬ በሚገኘው የአገሪቱ የቡና ዘር ማኖሪያ ከ5,000 በላይ ናሙናዎች ተተክለው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ግን የጫካውን ሁሉ ቦታ ሊይዝ አይችልም። አንድ እግር በተቆረጠ ቁጥር የማናውቀው አንድ መዓዛ ምናልባት ለዘላለም ይዘጋል።

ጫካውን የሚያድነው ደግሞ ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ዋጋም ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሽማግሌ ከወንዙ በላይ ያለችውን ቡና የማይቆርጧት ስለሚወዷት ነው። ጎረቤታቸው ግን ልጆቹን ማስተማር አለበትና ጥቂት ፍሬ የምትሰጠውን የጫካ ቡና ነቅሎ በቆሎ ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክል ማን ይፈርድበታል? በኪሎ ብቻ የሚከፍል ገበያ የጫካውን ቡና «ሰነፍ» ይለዋል። በመዓዛ የሚከፍል ገበያ ግን ያንኑ ዛፍ «ባለ ጸጋ» ይለዋል።

እንዲህ ያለው ገበያ ሕልም አለመሆኑም ታይቷል። በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በተካሄደ ጊዜ ገበሬዎች ቡናቸውን ለየብቻ አቅርበው በስማቸው ተዳኙ። አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣው ቡና በሐራጅ በፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ አወጣ። ይህ ዋጋ ለእያንዳንዱ ጆንያ ይገኛል ማለት ሞኝነት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሚያስተምረው ትምህርት ለማንኛውም ገበሬና ማኅበር ይጠቅማል። ቀዩን ብቻ መልቀም፤ ከመሬት አንሥቶ በአልጋ ላይ ማድረቅ፤ የዚህን ኮረብታ ከዚያኛው ኮረብታ ቡና ጋር አለመቀላቀል፤ ከሁሉም በላይ ሳይሸጡ መቅመስ። የፓናማዎቹ ገበሬዎች ከዚህ የተለየ ምሥጢር አልነበራቸውም።

ከከተማ የምንኖረውም ድርሻ አለን። ቡናችንን እስኪጠቁር ቆልተን በስኳር የምንጠጣ ከሆነ ገበሬው ስለ መዓዛ ለምን ይጨነቃል? እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ምጣዱ ሲዞርና ጢሱ ወደ እርስዎ ሲቀርብ ለልማድ ያህል ብቻ እጅዎን አወዛውዘው አይለፉት። ትንሽ ቆም ብለው በረዥሙ ይሳቡት። አበባ ነው? ማር ነው? ብርቱካን ነው? የተቃጠለ ስኳር ነው? ከዚያም ባለቤቲቱን «ይህ የየት ቡና ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚጠይቅ ሲበዛ ነጋዴው ይጠይቃል፤ ነጋዴው ሲጠይቅ ገበሬው ይለያል፤ ገበሬው ከለየ ደግሞ ያቺ ከወንዙ በላይ ያለችው እግር ለልጅ ልጅ ትቆያለች።